የአዲሱ ወንፊት የመጀመሪያ ብርጭቆ

እርሳስ የማጣሪያ ወረቀቱን በወረንጦ አንስታ ወደ መስኮቱ ብርሃን ስታስጠጋው መሀሉ ላይ ግራጫ ነገር አየች። ያየችውን ማመን ስላቃታት ዓይኗን ጨፍና ገለጠችና ደግማ አየችው። ግራጫው እዚያው ነበር። ሳንቲም የሚያህል ስስ ክብ ነው፤ ሌላ ሰው ቢያገኘው አቧራ ነው ብሎ እፍ ይለው ነበር። እሷ ግን ምን እንደሆነ ስለምታውቅ አጠገቧ ያለውን በርጩማ ስባ ተቀመጠች።

እርሳስ እናቷ ያወጡላት ስም አይደለም። የውሃ ጣቢያው ሰዎች ናቸው ያወጡላት፤ አንድም ቀጭን ስለሆነች፣ አንድም ቀኑን ሙሉ ስትነካካ የምትውለው ነገር እርሳስ ሆድ ውስጥ ካለው ጥቁር ነገር የሚሠራ ስለሆነ። ያንን ጥቁር ነገር በኬሚካል እየፈለፈሉ፣ እንደ መጽሐፍ ገጽ እየገነጠሉ፣ ዓይን የማያየው ስስ ቅጠል እስኪሆን ያሳሱትና ግራፊን ይሉታል። የእሷ ሥራ ደግሞ ቅጠሎቹ በውሃ ተበጥብጠው ቀለም የመሰሉትን አንድ ነጭ ሉክ ላይ አፍስሳ፣ ቅጠል በቅጠል ላይ እንዲተኛ ማድረግ ነው። በቅጠሎቹ መካከል የሚቀረው ቀጭን ክፍተት የባሕሩን ውሃ ያሳልፋል፣ ጨውን ያስቀራል። ሊቃውንቱ ሜምብሬን ይሉታል፤ ጣቢያው ውስጥ ግን ከኃላፊው እስከ ጥበቃው ወንፊት ነው የሚባለው።

ወንፊቱ አንድ ጣጣ አለው። ውሃ ሲነካው ቅጠሎቹ ያብጣሉ፣ ይራራቃሉ፣ ከዚያም እየተላቀቁ ይረግፋሉ። እንዳይረግፉ ማያያዣ ይጨመርባቸውና ሉኩ በኤሌክትሪክ ምድጃ ውስጥ ቀስ ብሎ ይበስላል። በደንብ ከበሰለ ዓመት አይበግረውም። ጥሬ ከወጣ ግን የሚሆነው ይኸው አሁን ውሃውን ባጣራችበት ወረቀት ላይ የምታየው ነው፤ ጥቁሩ ነገር ለሰው ከሚቀዳው ውሃ ጋር አብሮ ይወርዳል።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ምድጃውን ያለጊዜው የከፈተችው ራሷ ነበረች። ማያያዣው ሲበስል ኮምጣጤና የተቃጠለ ላስቲክ የተደባለቁበት ሽታ ያወጣል። ስንት ዘመን አፍንጫዋ ለምዶት ትዝ እንኳ የማይላት ሽታ ሰሞኑን ደመኛዋ ሆኗል። ትናንትማ ጨርሶ አላስቆም አላስቀምጥ አላት። አፏን በጋዋኗ እጅጌ አፍና ወደ መታጠቢያ ቤት ሮጠች፣ ያላትን ሁሉ አወጣች፣ ፊቷን ታጥባ ስትመለስ ሽታው ክፍሉን ሞልቶ ጠበቃት። «አሁንስ በስሏል፣ ይበቃዋል» ብላ ለራሷ ፈረደችና ምድጃውን አጥፍታ መስኮቱን በረገደችው። እንዲህ አድርጋ አታውቅም ነበር። እሷ እኮ እንኳን ምድጃ፣ የቤቷን በር ቆልፋ ከሄደች በኋላ መቆለፏን ለማየት ተመልሳ የምትመጣ ሴት ነች።

ምክንያቱን ከባሏ በቀር የሚያውቅ የለም። አርግዛለች፤ ሦስተኛ ወሯን ይዛለች።

ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱም ወርደውባታል። በመጀመሪያው ደስታው አላስችል ብሏት ለጣቢያው ሁሉ ተናገረች፤ ኬክ ተቆረሰላት፣ ለልጁ ስም ወጣለት፣ ሳምንት ሳይሞላው ሐኪም ቤት ገባች። ሁለተኛውን ለእናቷና ለእህቷ ብቻ ሹክ አለች፤ እሱም አልቆየም። የተማረች ሴት ስለሆነች ወሬ ፅንስ እንደማያስወርድ ታውቃለች። ቢሆንም ለሦስተኛው አፏን ለጉማ ይዛለች፤ ባሏ እንኳ ስለ ልጁ ሊያወራ ሲል በዓይኗ ታስቆመዋለች። ስለ ልጁ ሳያወሩ የሚያልፉት እያንዳንዱ ቀን የተረፈ ቀን ይመስላታል።

አሁን ግን በርጩማው ላይ እንደተቀመጠች ሌላ ሐሳብ መጣባት። ሲመጣ አየችውና ልታባርረው ሞከረች፤ አልሄደላትም። የመጀመሪያው ሲወርድ፣ በዚያ ሰሞን አዲስ ወንፊት አልገባም ነበር? ገብቶ ነበር። ሁለተኛውስ ጊዜ? ያኔም ገብቶ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ደግሞ የመጀመሪያውን ብርጭቆ የጠጣችው እሷ ናት።

ይህ መጠጣት የሚባለው ነገር የጣቢያው ልማድ ነው፤ ያመጣችውም ራሷ ነች። ጣቢያው ሥራ የጀመረ ሰሞን የሰፈሩ ሰው ጥቁር ቀለም የሞላ በርሜል ሲገባ አየና «ይህንን ነው የምታጠጡን?» ብሎ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ቀረ። ያኔ አዲስ ተቀጣሪ ነች፣ በሥራዋ የምትመካ፣ አፏ የማያርፍ። አንድ ብርጭቆ ሞልታ ወጣች፣ ሰው ሁሉ እያያት ጭልጥ አድርጋ ጠጣችና «እስኪ እዩኝ፣ ሞትኩ?» አለች። ሕዝቡ ሳቀ፣ ጀሪካኑን አቀረበ። ከዚያ ወዲህ አዲስ ወንፊት በገባ ቁጥር እርሳስ ሳትጠጣ አንድ ሰው አንዲት ጣሳ አይቀዳም። በዚህ ልማድ ኮርታ ኖራለች።

ያኔ ወረቀቱ ነጭ ነበር፣ ብላ ራሷን ልታጽናና ፈለገች። ግን ወረቀቱ የሚይዘው ትልልቁን ስባሪ ነው፤ ደቃቁን አይይዝም። ደቃቁ ሆድ ውስጥ ገብቶ ምን ያደርጋል? እዚህ ላይ ሲደርስ ሁሉም ሰው እጁን ያነሳል። አንዱ ጥናት ምንም አያደርግም ይላል፣ አንዱ ገና ነው ይላል፣ አንዱ አይጦቹ ላይ የሆነ ነገር አየሁ ብሎ ዝም ይላል። መርዝ ነው ቢሏት ይቀላት ነበር፤ መርዝን ሰው ይሸሸዋል። ምንነቱ ያልታወቀን ነገር ግን ወዴት ዞረው ይሸሹታል? እጇ ሳታዝዘው ወደ ሆዷ ሄደ፤ ሰው እንዳያይባት ቶሎ መለሰችው።

በሩ በትከሻ ተገፍቶ ተከፈተ። የፓምፕ ሠራተኛው ነው፤ ድምፁ ከፓምፑ ስለሚበልጥ ሞተር ይሉታል።

«እርሳሴ! አጥሩ ጋ ያለውን ጉድ አይተሻል? ጀሪካኑ መንገድ ዘግቷል እኮ! ብርጭቆሽን አጥበሻል?»

«ቆይ» አለችው። «ወደ ቧንቧው ውሃ እንዳትለቅ።»

«ምነው? ፊትሽ አመድ መስሏል።»

«ሆዴን ነው» አለች። ውሸት አልነበረም። ወረቀቱን በሳህን አድርጋ፣ በሌላ ሳህን ከድና፣ በአጠገቡ አልፋ ወጣች።

ኃላፊው ቢሯቸው ውስጥ ስልክ ይዘው ቆመው ነበር። የድሮው ወንፊት ከተሰነጠቀ አራት ቀን ሆኖታል፤ ጣቢያው የቆመው በዚያ ነው። የውሃ ቦቴ ይላካል ተብሎ አንዴ መጣ፣ በሁለተኛው መንገድ ላይ ተበላሸ፣ አሁን ስልኩን የሚያነሳ የለም። ለሰፈሩ የሚቀረው ከባሕሩ ዳር ያለው የድሮ ጉድጓድ ነው፤ ውሃው ሳሙና አያረፋም፣ ሆድም አይምርም። ኃላፊው ስልኩን አስቀምጠው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉና ወረቀቱን አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው አዩት።

«ጨው መለኪያው ምን ይላል?» አሉ በመጨረሻ።

«ጨው የለውም። ጨዉንስ በደንብ ይዞታል። ራሱ ነው የሚረግፈው፣ ጋሼ።»

«ለምን?»

«ሳይበስል አወጣሁት።»

«አንቺ?»

«እኔ።»

«አንቺ ሳይበስል አወጣሽ?» ደግመው አዩዋት፤ ቁጣ አልነበረም፣ ግራ መጋባት ነበር። «ለምን?»

መልሱ ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። አንዲት ቃል ናት። ብትናገራት ሰውዬው ይገባቸዋል፣ ምናልባት ወንበር ስበው ያስቀምጧት ነበር። ግን ኬኩ ታያት፣ ስም የወጣለት ልጅ ታያት፣ ሆዷ ውስጥ ያለው ነገር ጆሮ ያለው ይመስል ፈራችለት። ምላሷን ነከሰች።

«ተሳሳትኩ» አለች።

ኃላፊው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሌላ ለመሥራት ስንት ቀን ይፈጃል?»

«ዛሬውኑ ብጀምር ሦስት ቀን። ማፍሰሱ አይደለም፣ ማድረቁ ነው የሚቆየው።»

ወደ መስኮቱ ሄዱ። ከመስኮቱ አጥሩ ይታያል። ሰልፉ ከበሩ ተነስቶ፣ የግንቡን ጥላ ተከትሎ፣ ጥላው ሲያልቅ ፀሐይ ላይ ወጥቶ፣ ጥግ ዞሮ ይጠፋል። ከሰው ጀሪካኑ ይበዛል፤ ለጎረቤት የሚሰለፍም አለ።

«እኔ ልጅ ሆኜ» አሉ ጀርባቸውን እንደሰጧት «ስንት እርሳስ አኝኬ ጨርሻለሁ። ሒሳብ ባቃተኝ ቁጥር አኝክ ነበር፤ ሒሳብ ደግሞ ሁልጊዜ ነው የሚያቅተኝ።»

«ይሄ ሌላ ነው ጋሼ።»

«ሌላ መሆኑን አውቃለሁ ልጄ። የምናገረው ለአንቺ አይደለም፣ ለራሴ ነው።» ዞሩ። አንገታቸው ላይ ያለው ሥር ሲመታ አየችው፤ እሳቸውም ፈርተዋል። ይህ ጭራሽ አባሰባት። እሳቸው ተረጋግተው ቢቆጧት፣ ቢሰድቧት እንኳ፣ ልቧ ትንሽ ይመለስ ነበር። «እስከ ቀትር ውሃውን እያፈሰስን እንጠበው። የሚረግፈው ይቀንሳል አይደል?»

«ይቀንሳል። አይቆምም።»

«ይቀንስ። ከዚያ እኔ ቀድሜ እጠጣለሁ። አንቺም…» ቃል ፈለጉ። «ከንፈርሽን አስነክተሽ ብትመልሽውም ይበቃል። ከአጥር ውጭ ማን ያያል?»

«ባልጠጣስ?»

«ካልጠጣሽ አይቀዱም። ካልቀዱ ወደ ጉድጓዱ ነው የሚሄዱት። ሰሞኑን ከዚያ ጠጥተው ስንቱ ሐኪም ቤት እንደገባ ሰምተሻል።» ይህን ያሉት ሊያስፈራሯት አልነበረም። እውነቱ ያ ብቻ ስለሆነ ነው ያሉት።

እስከ ቀትር አፈሰሱት። ሞተር ፓምፑን ይዞ፣ እሷ ከቧንቧው ሥር እየተንበረከከች፣ በየመሀሉ አዲስ ወረቀት እያስገባች ታወጣለች። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይሻላል፤ ሦስተኛው ከሁለተኛው። ከዚያ በኋላ ግን መሻሻሉ ቆመ። ቀለል ያለ፣ ከሳሙና አረፋ የማይከብድ ግራጫ እያንዳንዱ ወረቀት ላይ ጸንቶ ቀረ። ብታሸው፣ በብርሃን ብታየው፣ በጥላ ብታየው፣ አለ። ሞተር ከኋላዋ ሆኖ አጮልቆ «ይህቺ ምን አላት? እኔ ቤት ያለው የሻይ ብርጭቆ ከዚህ ይጠቁራል» አለ። ልትስቅለት ሞከረች፤ ከንፈሯ አልታዘዘም።

ዓይኔን በጨው አጥቤ ከንፈሬን ባስነካስ? ብላ አሰበች። ማን ይጎዳል? የእኔ ልጅ አይጎዳም። ይህን ስታስብ የራሷ ሐሳብ አስደነገጣት። የእኔ ልጅ አይጎዳም ማለት ምን ማለት ነው? ሰልፉ ላይ ያሉት ሴቶች ሆድ የላቸውም? እሷ የማትጠጣውን ውሃ የጠጣች መስላ የምታሳያቸው ለምንድን ነው? ደግሞ ወዲያው ሌላኛው ፍርሃት ይመጣል፦ ካልጠጣሽ ጉድጓዱ። በዚህ ብትሄድ ገደል፣ በዚያ ብትሄድ ገደል ሆነባት። ቀኑ ሞቃት ነበር፤ እሷ ግን ጥርሷ እንዳይንቀጫቀጭ አፏን ገጥማ ያዘች።

ኃላፊው ቀድመው ወጡ። በሩ ሲከፈት ሰልፉ ተንቀሳቀሰ፣ ጀሪካን ከጀሪካን ተጋጨ። ኃላፊው ብርጭቆውን ከፍ አድርገው አሳዩና በአንድ ትንፋሽ ጠጡት።

«እርስዎማ ዕድሜዎን ጠግበዋል!» ብሎ አንድ ሰው ከኋላ ጮኸ። ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። «እርሳሴ ትጠጣ! እርሳሴ የታለች?»

«እርሳሴ! እርሳሴ!» ልጆቹም ተቀበሉ።

ወጣች። በፊት በፊት ይህን ጩኸት ስትሰማ ትከሻዋ ይሰፋ ነበር። ዛሬ እያንዳንዱ «እርሳሴ» እንደ ጠጠር አረፈባት። ብርጭቆውን ከቧንቧው ሞላች። ውሃው ጥርት ያለ ነው፤ ጣቶቿ በብርጭቆው ማዶ ይታያሉ፣ የጥፍሯ ሥር ጥቁረት ሳይቀር ይታያል። አንዳች ነገር ቢታይበት፣ ትንሽ እንኳ ደፍረስ ቢል፣ ሰዎቹ ራሳቸው ይሸሹት ነበር። ይህን ያህል ንጹሕ መምሰሉ ነው ያርበደበዳት።

ሰልፉ ፊት ላይ አንዲት ሴት ቢጫ ጀሪካን ላይ ተቀምጣለች። ጀርባዋን ወደ ኋላ አስደግፋ፣ እግሯን ከፍታ፣ የደረሰ ሆዷን በሁለት እጇ አቅፋለች። እርሳስ በመልክ ታውቃታለች፤ ሁልጊዜ ቀድማ የምትሰለፍ፣ ወረፋ የሚሰርቅ ሲመጣ ምላሷን የምትመዝበት ሴት ናት። ሴትየዋ አየቻትና ፈገግ ብላ «ቶሎ በያ እህቴ፣ ወገቤ ሊቆረጥ ነው» አለች።

እርሳስ ብርጭቆውን ወደ አፏ አነሳች። ብርጭቆው አዘነበለና ውሃው በጋዋኗ ላይ ፈሰሰ። «ኧረ እንደ ሙሽራ አፈረች!» አለ ያው ሰውዬ። የብርጭቆው ጠርዝ ከንፈሯን ነካ፤ ቅዝቃዜው ተሰማት። ኃላፊው በዓይናቸው ይበቃል፣ መልሺው ይሏታል። መመለስ ብቻ ነበር የቀራት። ጉሮሮዋን እንደዋጠች ሰው ማንቀሳቀስ፣ መሳቅ፣ «እስኪ እዩኝ፣ ሞትኩ?» ማለት።

ብርጭቆውን አወረደችና የአጥሩ ግንብ ላይ አስቀመጠችው።

«አልጠጣም» አለች።

ፊት ያሉት ሰሙ፣ ኋላ ያሉት «ምን አለች? ምን አለች?» ተባባሉ።

«ወንፊቱ እየረገፈ ነው። ከውሃው ጋር ይወርዳል፤ አይታያችሁም ግን ይወርዳል። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ሳይበስል አወጣሁት። ይጉዳ አይጉዳ አላውቅም፤ ማንም አያውቅም።» የቀረውን መያዝ አልቻለችም። «አርግዣለሁ። ፈራሁ።»

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ትንፋሿን ይዛ ቆመች፤ ሆዷ ውስጥ የሆነ ነገር ሲቀደድ የምትሰማ መስሏት ጠበቀች። ምንም አልተሰማትም። ግን ባለፉትም ጊዜያት በተናገረችበት ዕለት ምንም አልተሰማትም ነበር።

አጥሩ ጋ ጩኸቱ ቀለጠ። «ታዲያ ሦስት ዓመት ሙሉ ስታጠጪን የኖርሽው ምንድን ነው?» አለ አንዱ፣ ፊቱ ደም መስሎ። «ልጆቼ እኮ ከዚህ ነው የሚጠጡት!» አለች ሌላዋ። አንዳንዱ ጀሪካኑን አንስቶ ፊቱን አዞረ፤ ጥቂት ተራምዶ ግን ወዴት እንደሚሄድ ስላላወቀ መንገዱ መሀል ቆመ። ኃላፊው ግንባራቸውን ይዘዋል። ሞተር፣ ያ ጩኸታሙ ሰውዬ፣ ድምፁ ጠፍቶ መሬት መሬት ያያል።

ባለ ቢጫ ጀሪካኗ ሴት ግንቡን ተደግፋ፣ በአንድ እጇ ጉልበቷን ይዛ፣ እያቃሰተች ተነሳች።

«ዝም በሉ እስኪ!» ብላ ወደ ኋላዋ ጮኸች። ዝም አሉ፤ ምላሷን ያውቁታል። ከዚያ ወደ እርሳስ ቀረበች። «ስንት ወርሽ ነው?»

«ሦስት።»

«የመጀመሪያሽ ነው?»

«ሦስተኛዬ ነው። ሁለቱ አልቆዩልኝም።»

ሴትየዋ አንገቷን ሰበር አደረገች። «እኔም አንዱ አልቆየልኝም። ይሄ ጣቢያችሁ ሳይከፈት፣ ጉድጓዱን ስንጠጣ ጊዜ ነው።» ግንቡ ላይ ያለውን ብርጭቆ አየችው። «ጨውስ አለው?»

«የለውም። ግን እኮ…»

«ሰምቼሻለሁ። ሌላው መቼ ይደርሳል?»

«ከሦስት ቀን በኋላ።»

«ሦስት ቀን» አለች ሴትየዋ። ለራሷ የምትናገር ትመስል ነበር። ከዚያ ቀና ብላ ጠየቀቻት፤ ክፋት የለበትም፣ ጎረቤት ከጎረቤት እንደሚጠያየቀው ነው። «አንቺ ቤትሽ ምን ትጠጫለሽ?»

እርሳስ ፊቷ ጋለ። «የታሸገ። ባሌ ነው የሚያመጣልኝ።»

ማንም አልሳቀም፣ ማንም አልተሳደበም። ቢሰድቧት በወደደች። ሳታስበው ዞራ እየሮጠች ገባች፣ ከቦርሳዋ ውስጥ ያልተከፈተውን ጠርሙስ አወጣች፣ ተመልሳ ለሴትየዋ ዘረጋችላት። ሴትየዋ ተቀብላ በእጇ መዘነችው።

«ይሄ ለእኔ ነው ወይስ ቤት ላሉት ለአራቱ?»

«ሌላም አመጣልሻለሁ። ማታ ባሌን ልኬ…»

«ለእሷስ?» ሴትየዋ በአገጯ ከኋላዋ ያለችውን ልጅ ያዘለች ወጣት አሳየች። «ከእሷ ኋላ ላሉትስ?» ጠርሙሱን መልሳ እጇ ላይ አስቀመጠችላት፣ ጣቶቿንም አንድ በአንድ አጥፋ አስያዘቻት። «ስሚኝ እህቴ። የጉድጓዱን ውሃ እኔ አውቀዋለሁ። ምን እንደሚያደርግ በራሴ ላይ አይቻለሁ። ያንቺን ግን ማንም አያውቀውም አልሽ። የማላውቀው ይሻለኛል። ክፈቺልኝ።»

«እባክሽ…»

«ክፈቺልኝ ነው የምልሽ፤ ፀሐዩ ጨረሰኝ እኮ።»

እርሳስ ሞተርን አየችው። ሞተር ሁለት እጁን ከኋላው ደብቆ ራሱን ነቀነቀ። ኃላፊውን አየቻቸው፤ እሳቸው መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ይጠርጋሉ፣ ሲጠርጉም ቆዩ። ቧንቧውን የሚከፍት ሌላ ሰው አልነበረም። ቢጫውን ጀሪካን ከሥሩ አስገባችና እጀታውን አዞረችው።

ውሃው ወረደ። ድምፁን ሲሰሙ መንገድ መሀል የቆሙት አንድ በአንድ ተመለሱ፤ ቦታቸውን ያዙ፣ ማን ከማን ኋላ እንደነበረ እንኳ አልተጣሉም። የጮኸው ሰውዬም ተመለሰ። ሴትየዋ ጀሪካኑ እስኪሞላ አልጠበቀችም። ግንቡ ላይ ያለውን ብርጭቆ፣ እርሳስ ከንፈሯን ያስነካችውን፣ አንስታ ጠጣችው። ጉሮሮዋ ሲወጣና ሲወርድ እርሳስ ቆጥራ የምትጨርሰው ይመስል አፍጥጣ አየች። ሴትየዋ እስከ ታች ጨርሳ አፏን በመዳፏ ጠረገችና በረጅሙ ተነፈሰች፤ አራት ቀን የተጠማ ሰው ትንፋሽ ነበር። የእርሳስ ዓይን ወደ ሴትየዋ ሆድ ሄደ። ከቀሚሷ ሥር፣ ከጎኗ በኩል፣ የሆነ ነገር ተገላበጠ።

ጀሪካኑ ሞላ። ሁለት ሴቶች ደግፈው ጀርባዋ ላይ አስቀመጡላት፤ እሷም ገመዱን ደረቷ ላይ አጥብቃ፣ ጎንበስ ብላ፣ አንድ እርምጃ ሄደች። ከዚያ የረሳችው ነገር ትዝ እንዳላት ሰው ዞረች።

«አንቺ ግን እንዳትጠጪ፣ እሺ?» አለቻት። «ልጅሽን ጠብቂ።»

ሴትየዋ የግንቡን ጥላ እየታከከች ሄደች፤ ልጅ ያዘለችው ወጣት ጀሪካኗን ገፋ አድርጋ ከቧንቧው ሥር አስቀመጠች።